የአፀደ ወተትና የአቶ ከበበው ኮሚቴ

ሀገር የምታድገው በኮሚቴ ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ በ1988 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ በአቶ ከበበው ቤት የሆነውን አልሰማም ማለት ነው። እዚያ ቤት አንዲት አራስ ልታጠባ፣ አንድ ሕፃን ሊጠባ፣ ያለ ዕቅድ፣ ያለ ሪፖርትና ያለ አንዳች ተቆጣጣሪ ብቻቸውን ሲሞክሩ በጊዜ ተደርሶባቸዋል። ባይደረስባቸው ኖሮ ልጁ ሊጠግብ ይችል ነበር።

አራሷ አፀደ ትባላለች፤ ልጁ የመጀመሪያዋ ነው፤ ኢያቄም ብላዋለች። ባለቤቷ አቶ ከበበው የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ክፍል ኃላፊ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራ እስካሁን በጥናት ላይ ቢሆንም፣ የአቶ ከበበው ክፍል ግን አንድም ዓመት ያለ ዕቅድ ውሎ አያውቅም።

ኢያቄም ሲወለድ ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሲመዘን ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሆኖ ተገኘ። ሲስተር ሐሚዳ የምትባለው ነርስ ሚዛኑን ሁለቴ አየችና ወደ አፀደ ዞረች።

"በቀን ስንት ጊዜ ይጠባል?"

"እንግዳ ሲወጣ።"

"እንግዳ ስንቴ ይወጣል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠያቂ ሲመጣ፣ ሲጠባ ያየ ሰው ዓይን እንዳይጥልበት ልጁ ተጠቅልሎ ወደ ጓዳ ይወሰዳል። ጠያቂው ደግሞ እንዲሁ አይመጣም፤ ወተቷ አንሷል ሲባል ሰምቶ ምክር ይዞ ነው። እንዲህ ሆኖ ምክሩ ሲበዛ ልጁ ጓዳ መዋል አበዛ፤ ልጁ ጓዳ ሲውል ወተቱ አነሰ፤ ወተቱ ማነሱ ሲሰማ ከላፍቶ ድረስ ሌላ መካሪ ተነሣ።

"ልጁ ከጉያሽ አይውጣ" አለች ሲስተር ሐሚዳ። "ባሰኘው ቁጥር አጥቢው፣ ቀንም ሌሊትም። በጠባ ቁጥር ወተቱ ይመጣል። በሁለት ሳምንት መልሺልኝ። ያኔም ካልጨመረ የቆርቆሮ ወተት በጡጦ መጀመራችን ነው።"

አፀደ ክው አለች። ጎፋ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በርሜል ውስጥ የሰነበተ ውኃ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ባለፈው ክረምት የአጥር ጎረቤቷ ልጅ ጡጦ በጀመረ በሳምንቱ ተቅማጥ ይዞት፣ ለጥቂት ነው የተረፈው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ በዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ ልጇን ማጥባት።

አቶ ከበበው ግን በምክሩ አልረኩም።

"ይኼ ምክር ይባላል?" አሉ በታክሲ ውስጥ። "አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም።"

በማግስቱ የዓመት ፈቃዳቸውን ወሰዱና የወተት ጉዳይ ኮሚቴን አቋቋሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ አንዲት አራስ ማሰርማ ምን ያቅተዋል። እሳቸው ሰብሳቢ ሆኑ። ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጡት ጎረቤታቸው አቶ ቦጋለ ጸሐፊ ሆኑ። የእድሩ ምግብ አብሳይ እትዬ ቡዜ የምግብ ንዑስ ኮሚቴውን ያዙ። የአቶ ከበበው እናት እማማ ወጋየሁ፣ ስድስት ልጅ አጥብተው ያሳደጉ ስለሆኑና አስተያየት ሊሰጡ ይችላሉ ተብሎ ስለተሠጋ፣ በጓዳ የልጁ ጠባቂ ሆነው ተመደቡ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ሦስት መመሪያዎች አወጣ። በመጀመሪያው የሕፃኑ ፊት እስከ ክርስትናው ቀን ድረስ በማንም ፊት አይገለጥም፤ አቶ ከበበው ሕግ አክባሪ በመሆናቸው ራሳቸውንም ከ"ማንም" ውስጥ አስገቡ። በሁለተኛው ሕፃኑ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ብቻ ይጠባል። ምክንያቱን አቶ ከበበው ሲያብራሩ "ወተት እንደ ጎፋ ውኃ ነው፤ ካልተጠራቀመ አይገኝም" አሉ፤ አቶ ቦጋለም ከሥሩ አሰመሩበት። ሦስተኛው ኮሚቴው በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት እንዲሰበሰብ፣ ስብሰባውም ከሥራው እንዳይርቅ በአራሷ አልጋ ዙሪያ እንዲሆን የሚያዝ ነበር።

አንድ ችግር ግን ነበር። ጡት የሚለው ቃል በስብሰባ ላይ፣ ያውም በአቶ ቦጋለ ፊት፣ የሚያሳፍር ሆነ። ስለዚህ በቃለ ጉባኤው ላይ ቀኙ ማዕከል አንድ፣ ግራው ማዕከል ሁለት ተብለው ተመዘገቡ። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነውና በሁለተኛው ቀን ሁለቱም ተገመገሙ። ማዕከል አንድ "ጥረት ያለው ግን የሚቀረው" ተባለ። ማዕከል ሁለት ራሱን እንዲያይ ተነገረው።

የምግብ ንዑስ ኮሚቴውም ያላሰለሰ ጥረት አደረገ። አጥሚቱ በድስት፣ ገንፎው በገበቴ፣ የበጉ ሾርባ በባሊ ይቀርባል። አራስ የምትበላው ነገር ሳይቀመስ አይሰጣትምና አባላቱ በየተራ ይቀምሱ ነበር። አቶ ቦጋለ ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ አንዱን ነገር ከዳርም ከመሐልም ቀምሰው ነው የሚያረጋግጡት። በአራተኛው ቀን ቀበቷቸውን ወደ ኋላ ሁለት ቀዳዳ ለቀቁ፤ አፀደ ደግሞ ድስት ሲጠረግ ሰማች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ስብሰባው በተጋጋለበት ሰዓት ነው ኢያቄም ጓዳ ውስጥ ማልቀስ የጀመረው።

"በማዕከል ሁለት ላይ የሚታየው ድክመት ምንጩ ምንድን ነው?" አሉ አቶ ከበበው።

"ቸልተኝነት ይመስለኛል" አሉ አቶ ቦጋለ።

"ቅቤ ነው ያነሰው" አሉ እትዬ ቡዜ፣ ገንፎውን እያጣጣሙ። "እኔ ስቀምሰው ታውቆኛል።"

የልጇ ድምፅ በመጋረጃው አልፎ ሲመጣ አፀደ ደረቷ ጠጠረ፣ ሞቀ፤ ወዲያው ቀሚሷ ከላይ እስከ ወገቧ ራሰ። ደስታ አንቆ ሊገድላት ደረሰ።

"ከቤ፣ እየመጣ ነው። እየፈሰሰ ነው፤ ልጁን ስጡኝ!"

"በእጅ ምልክት ነው የሚጠየቀው" አሉ አቶ ከበበው፣ ቀና ሳይሉ።

አፀደ እጇን አወጣች።

"አጀንዳ አንድ ላይ ነን። ያንቺ ሌሎች ጉዳዮች በሚለው ሥር ይታያል።"

"እስከዚያ ይቆማል እኮ።"

"ከቆመማ አጀንዳ አንድ ሥር ይገባል።"

ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጥም ይባላል። ኢያቄም ይህን ተረት በሥራ ላይ አውሎ አንድ ሰዓት አለቀሰ፤ ከዚያ ደክሞት ተኛ። ሌሎች ጉዳዮች ሲደርስ ቀሚሷም ደርቋል። አቶ ቦጋለ መነጽራቸውን አስተካክለው "መጣ የተባለው ወተት ተጣርቶ በቦታው ያልተገኘ ስለሆነ" ብለው ጻፉ። አፀደ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እሱ ግን አልተመዘገበም።

ጉዳዩ ከኮሚቴው አቅም በላይ መሆኑ ስለታመነ ባለሙያ እንዲጠራ ተወሰነ። ስለ ወተት በአካባቢው ከሁሉ የሚያውቀው ማን ነው ሲባል ፉሪ ላይ ዘጠኝ ላም የሚያልቡት ኦቦ ሁንዴሳ ተጠሩ። መጡ፤ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ፤ ጉዳዩ በንባብ ተሰማላቸው። ንባቡ ሲያልቅ በአልጋው ዙሪያ የተደረደረውን ሰው አንድ በአንድ አዩና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

"ጥጃው የት አለ?"

"ማለት?" አሉ አቶ ከበበው።

"ልጁን ማለቴ ነው። ላም ጥጃዋን ካላየች አትለቅም። መጀመሪያ ጥጃው ይጠባል፣ ይጎሽማታል፤ ከዚያ ነው ወተቱ የሚወርደው። እናንተ ልጁን ጓዳ አስቀምጣችሁ ወተት እዚህ ትጠብቃላችሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ይኼ።"

አፀደ ሰውዬውን ተነሥታ ልትስማቸው ምንም አልቀራት። አቶ ቦጋለ ግን ነገርን ሁሉ አሟጠው መያዝ ልማዳቸው ነው።

"ጥጃዋ የሞተባትስ ላም?" ብለው ጠየቁ።

"ለሷማ የጥጃውን ቆዳ ጭድ እንሞላውና አጠገቧ እናቆምላታለን። ትልሰዋለች፤ ያለ መስሏት ትለቃለች።"

የኮሚቴው አባላት ተያዩ። በክፍሉ ውስጥ ታላቅ ሐሳብ ተወለደ።

"ይኼ ከመመሪያችን ጋር አይጋጭም" አሉ አቶ ከበበው ቀስ ብለው።

"ልጁ ሞቷል እንዴ?" አሉ ኦቦ ሁንዴሳ ደንግጠው።

"እግዚአብሔር አይበለው! ጓዳ ነው ያለው።"

"ታዲያ እሱን አምጡታ!"

"እሱንማ መመሪያው ይከለክላል።"

ኦቦ ሁንዴሳ ዱላቸውን አነሡ። የቀረበላቸውን አጥሚት እንኳ ሳይቀምሱ ከቤት የወጡ ብቸኛው ባለሙያ እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ "ምትክ ሕፃን" ተሠራ። ቆዳ ለሰው ልጅ ነውር ስለሆነ አቡጀዲ ከረጢት ተሰፋ። ጭድም ይቆረቁራል፤ በምትኩ የአጃ ዱቄት ተሞላበት፤ አጃ ወተት ያመጣልና በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ተመታ። በሥራ ላይ ግምት የሚባል ነገር ስለማይወዱ አቶ ከበበው ራሳቸው ሰፈር ሱቅ ወስደው፣ ከነቆቡ ከነብርድ ልብሱ ልክ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም እስኪሆን በማንኪያ እየጨመሩ አስመዘኑት። ሲጨርሱ ከእውነተኛው ኢያቄም አይለይም ነበር፤ ሁለቱም ፊታቸው አይታይም።

ጠዋት ስብሰባው ሲከፈት ምትኩ ሕፃን በአፀደ እቅፍ ተቀመጠ። ኢያቄም ጓዳ ያለቅሳል። አፀደ ዱቄት ታቅፋ አባላቱን አየች። ሁሉም ዓይናቸውን ደረቷ ላይ እንዳይተክሉ ከሐፍረት የተነሣ ደብተራቸውን፣ ጣሪያውን፣ የገንፎውን ገበቴ ነው የሚያዩት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የያዘችውን የሚያይ አንድም አልነበረም። ያን ጊዜ ማልቀሷን አቆመች።

የቀትር ማጥቢያ ሰዓት ደረሰና እማማ ወጋየሁ ልጁን አምጥተው ሰጧት። አባላቱ ለደንቡ ሲሉ ደጅ ወጡ። ጊዜው ሲያበቃ እማማ ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ፤ አፀደም የተጠቀለለውን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ተቀበሉ። አንዴ ከፍ አድርገው ዝቅ አደረጉት። ከብርድ ልብሱ ውስጥ ነጭ ነገር ብን ሲል ሁለቴ አነጠሱ። አፀደ ኢያቄምን በጋቢዋ ሸፈነች።

"እሹሩሩ፣ እሹሩሩ" አሉ እማማ ወጋየሁ፣ ዱቄቱን ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ፤ መጋረጃውንም ዘግተው ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢያቄም ሁሉንም ስብሰባ ተካፍሏል። በአፀደ ጋቢ ሥር ሆኖ፣ አቶ ከበበው ሪፖርት ሲያነቡ ማዕከል አንድን፣ ውይይቱ ሲከፈት ማዕከል ሁለትን ይይዛል። አንድ ቀን ብቻ አቶ ቦጋለ ብዕራቸውን አቆሙ።

"የሚጠጣ ነገር ይሰማኛል።"

"አጥሚት ነው" አለች አፀደ።

"እንዴ፣ ደረሰሽ?" አሉ እትዬ ቡዜ ተገርመው።

በሦስተኛው ቀን ወተቱ ከቀሚሷ አልፎ ጋቢውን አራሰው። ውጤቱ ሲታይ ኮሚቴው በእንባ ቀረሽ ደስታ ተዋጠ። ምትኩ ሕፃን ተገመገመና "ሥራውን በጸጥታ የሚወጣ፣ ለሌሎች አርአያ የሚሆን" ተባለ። ጓዳ ያለው ልጅ ማልቀሱን እርግፍ አድርጎ መተዉም የአመራሩ ፍሬ ነበር። አቶ ከበበው በዚያ ሰሞን ጓዳ ገብተው ከእናታቸው አጠገብ ይቀመጡና ጥቅልሉን ዳበስ ያደርጉታል።

"እንዴት ጨዋ ሆነ፣ እማዬ።"

"አዎ፣ ምንም አይወጣውም" ይላሉ እማማ ወጋየሁ፣ ወደ ጣሪያው እያዩ።

"ፈርጠም ብሏል፣ አይደል?"

"ጥጥር ነው ያለው።"

ሁለቱ ሳምንት አልቆ የመመዘኛው ቀን ሲደርስ ኮሚቴው በሙሉ፣ ጠባቂዋም ሳይቀሩ፣ በአንድ ታክሲ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። ልጁን የመያዝ ኃላፊነት የሰብሳቢው ስለሆነ አቶ ከበበው ከእናታቸው እጅ ተቀብለው አቀፉ። አፀደም ምትክ የተባለውን በጋቢዋ ይዛ ከኋላ ተከተለች። እንዳይቀዘቅዝባት ደጋግማ ስትሸፍነው አቶ ቦጋለ አይተው፣ ለንብረት ያላትን አያያዝ አደነቁ።

"ልብሱን አውልቁለት" አለች ሲስተር ሐሚዳ።

"ከክርስትናው በፊት ፊቱ እንዳይገለጥ ውሳኔ አለ" አሉ አቶ ከበበው። "ከነልብሱ ይመዘንልን።"

ሠላሳ እናት ተሰልፎ ስለነበር ሲስተር ሐሚዳ መከራከሩን ተወችና ጥቅልሉን ሚዛኑ ላይ ሰቀለችው። መርፌው ተንቀጥቅጦ ቆመ። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ።

"ከነልብሱ ይኼ ነው?" ፊቷ ተለወጠ። "አንድ ግራም አልጨመረም። እንዲያውም ልብሱ ሲቀነስ ወርዷል።"

የአቶ ከበበው ደብተር ከእጃቸው ወደቀ። የሚዛኑን እንጨት ያዙ።

"ልጄ" አሉ፣ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ። "ልጄ ሊሞትብኝ ነው?"

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ልጁ በቃላቸው "ሕፃኑ" ነበር። አፀደ ለሁለት ሳምንት ያጠራቀመችው ንዴት ነበራት፤ እንደ ጎፋ ውኃ በበርሜል የተቀመጠ። ይህን ቃል ስትሰማ ግን አሳዘኗት። ሲስተር ሐሚዳ በበኩሏ የልጁ ዝምታ አላማራትምና ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ቆብ ያደረገ ከረጢት ወጣ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"አጃ" አሉ አቶ ቦጋለ። "በቃለ ጉባኤ ቁጥር አሥር ላይ ተጠቅሷል።"

"ልጄስ?" አሉ አቶ ከበበው።

አፀደ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጋቢዋን ከፈተች። ኢያቄም ጉንጩ ቀልቶ፣ አገጩ ድረስ ወተት ፈሶበት ይጠባል። ከጡቷ ነጥላ ስትሰጣቸው በስብሰባ ተሰምቶ በማያውቅ ድምፅ ተቆጣ። ራቁቱን ተሰቀለ። ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ።

አቶ ከበበው ልጁን ተቀብለው ፊቱን አዩት፤ መመሪያ ቁጥር አንድን ማንም አላነሣባቸውም። ጆሮው እንደሳቸው ወደ ውጭ የወጣ ነበር። ይህንን ባለማወቃቸው በጣም አፈሩ፤ ዓይናቸውም እንባ ሞላ።

"አንተ ከበበው" አሉ እማማ ወጋየሁ ከኋላ። "ያን ሁሉ ቀን ስትገመግም፣ አንድ ቀን ገለጥ አድርገህ ብታየው ምን ነበረበት?"

"እማዬ፣ ያውቁ ነበር?"

"ስድስት ልጅ አሳድጌ ዱቄትና ልጅ መለየት ሊያቅተኝ ነው? አስተያየት እንዳልሰጥ ነው እንጂ የተመደብኩት።"

በዚያው ቀን ከሰዓት የኮሚቴው የመዝጊያ ስብሰባ በአፀደ አልጋ ዙሪያ ተካሄደ። ታላቅ ሥራ ሲጠናቀቅ ምስጋና ወግ ነውና አቶ ቦጋለ ዝርዝሩን በንባብ አሰሙ። ሰብሳቢው በአመራራቸው፣ ጸሐፊው በትጋታቸው፣ የምግብ ንዑስ ኮሚቴው በቅምሻው ተመሰገኑ። የእናቲቱ ስም ይግባ አይግባ ተብሎ ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻ "ላደረገችው ትብብር" የሚል ሐረግ በግርጌ ማስታወሻ እንዲገባ ተስማሙ። እትዬ ቡዜ ምትኩ ሕፃንን ፈትተው አጥሚት አፍልተው ነበርና አባላቱ ባልደረባቸውን በየብርጭቋቸው ያዙት። አቶ ቦጋለ አጣጥመው ሲያበቁ "ተልእኮውን ፈጽሞ በክብር ተጠጣ" ብለው መዘገቡ።

አቶ ከበበው ልጁን ያዩ ነበር። ለደንቡ ያህል ብቻ ቀና አሉ።

"ሌሎች ጉዳዮች?"

አፀደ እጇን አወጣች። ይህን ያህል ጊዜ ተራ የጠበቀ አንድም ተሰብሳቢ አልነበረም።

"ቀጥይ" አሉ ሰብሳቢው።

"ልጁ ሊጠባ ነው። ውጡልኝ።"

"እንዴት ተብሎ ይመዝገብ?" አሉ አቶ ቦጋለ፣ ብዕራቸውን አንሥተው።

አቶ ከበበው ከሁሉ ቀድመው ተነሡ፤ ብዕሩን ከአቶ ቦጋለ እጅ ቀስ አድርገው ወሰዱና እትዬ ቡዜን ከነገበቴያቸው አስቀድመው በሩን ከውጭ ዘጉት። በሃያ ስምንት ስብሰባ ከተወሰኑት ሁሉ ወተት የጨመረው ውሳኔ ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ግን የለውም።